700 ፈረስ ስንት ደቂቃ ይጋልባል?

ዩቲዩብ ላይ አንድ የታወቀ የቪዲዮ ዓይነት አለ። ፒክአፕ መኪና በሰንሰለት ከወለል ጋር ተጠፍሯል፤ የኋላ ጎማዎቹ ዳይኖ በሚባለው የጉልበት መለኪያ ከበሮ ላይ ተቀምጠዋል። ሹፌሩ ነዳጅ ይሰጣል። ከኮፈኑ ሥር ፉጨት ይጀምራል፣ ፉጨቱ ጩኸት ይሆናል፣ ከአሥር አሥራ አምስት ሰከንድ በኋላ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ዱብ ይላል፦ 600፣ 700፣ 800 የፈረስ ጉልበት! ጋራዡ ውስጥ ያሉት ጎረምሶች ይጮኻሉ፣ ይተቃቀፋሉ። ቪዲዮው አለቀ።

እኛን የሚያናድደን እዚያ ላይ ማለቁ ነው። ኧረ ቆዩ እንጂ! ይሄ ሞተር ነገ ጠዋት ይነሳል? ተጎታች ይዞ ዳገት ይወጣል? የዛሬ ዓመትስ? ጋዜጠኝነት ስንማር «ቁጥር ሲነግሯችሁ ማን ለካው፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ ብላችሁ ጠይቁ» ሲሉን ኖረዋል። የፈረስ ጉልበት ከዚህ ሕግ ነፃ የሚወጣበት ምክንያት አይታየንም። ሰዓት ያልተጻፈበት የፈረስ ጉልበት ለእኛ ሐሜት ነው።

(«እናንተን ምን አገባችሁ?» የሚል አይጠፋም። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ የአሜሪካኖቹን ግዙፍ ፒክአፕ ደግሞ አብዛኞቻችን የምናውቀው በስክሪን ነው። ልክ ነው። ግን ስለ እንግሊዝ ኳስ ለመከራከር ማንችስተር መወለድ ያስፈልጋል እንዴ? ሴት ልጅ ስለ ቢዬላ ስታወራ የሚያስቀውም ካለ ስቆ ይጨርስ፤ እንጠብቃለን።)

እስቲ ከመሠረቱ እንነሳ። ሞተር አየር የሚተነፍስ ነገር ነው። ቤንዚን መጨመር አይከብድም፤ የሚከብደው ያንን ቤንዚን የሚያቃጥል በቂ አየር ሲሊንደር ውስጥ ማስገባት ነው። ሱፐርቻርጀር ማለት እንግዲህ የቀጥቃጭ ወናፍ ነው። አየሩን በግድ ይገፋዋል። ከቱርቦ የሚለየው ቱርቦን የሚያሽከረክረው የሞተሩ ጭስ ሲሆን ሱፐርቻርጀርን ግን ሞተሩ ራሱ በቺንጋ ስለሚያዞረው ነው። ወናፍ ያልነው ለማሳመር አይደለም። ዛሬ «ሩትስ» የሚባለውን ዓይነት የሠሩት ሁለት የኢንዲያና ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1860 የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግቡ መኪና የሚባል ነገር ገና አልነበረም። ማሽኑ ለብረት ማቅለጫ እቶንና ለማዕድን ጉድጓድ አየር ሲነፋ ኖሮ ነው ወደ መኪና የተሸጋገረው።

ከፍታ ላይ ለምንኖር ሰዎች ደግሞ ነገሩ ቶሎ ይገባናል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ወናፍ የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚህ ሲደርስ ሩብ ያህል ጉልበቱን ጥሎ ነው የሚደርሰው። ባሕር ዳርቻ ላይ 8 ፒኤስአይ ተጨማሪ ግፊት የሚሰጥ ሱፐርቻርጀር እንጦጦ ሥር ቢመጣ ጌጁ ላይ የሚታየው 6 ገደማ ነው፤ ወናፉ የሚያባዛው ያገኘውን አየር ስለሆነ ከሌለ ነገር አያመጣም።

ወደ ነገራችን እንመለስ። የምንከራከርበት ምሳሌ ፎርድ ነው። የፎርድ ኤስቪቲ ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2004 ኤፍ-150 ላይትኒንግ (መብረቅ ማለት ነው) የሚባል ፒክአፕ ይሠራ ነበር። 5.4 ሊትር ቪ8፣ የብረት ሞኖብሎክ፣ ከላዩ የኢተን ኩባንያ ኤም112 ሱፐርቻርጀር፣ 8 ፒኤስአይ ግፊት። መጀመሪያ 360፣ ከ2001 ወዲህ 380 የፈረስ ጉልበት። ከሁለት ሺህ ኪሎ በላይ የሚመዝን የጭነት መኪና የስፖርት መኪናዎችን መብራት ላይ ጥሎ ሲሄድ ማየት በዚያ ዘመን ተአምር ነበር። ስሙ እ.ኤ.አ. በ2022 በባትሪ ለሚሄድ ፒክአፕ ተሰጥቷል፤ እሱ የራሱ ወሬ አለው።

አሁን እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ያው ኤስቪቲ እ.ኤ.አ. በ2003 ማስታንግ ኮብራ ላይ ያንኑ የኤም112 ቤተሰብ ሱፐርቻርጀር ጫነ። ሞተሩ ያነሰ ነው፣ 4.6 ሊትር። ግፊቱ ያው 8 ገደማ። የፈረስ ጉልበቱ 390። ወረቀት ላይ ላይትኒንጉን በ10 ፈረስ ብቻ ይበልጠዋል። ቪዲዮ ቢኖር «ያው ናቸው» ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ግን አይደሉም። ልዩነቱ ያለው ማንም ፎቶ በማያነሳው ቦታ ነው። ቢዬላ ማለት ፒስተኑን ከታች ከሚሽከረከረው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ ነው። (የኛ ጋራዦች ጣሊያንኛ ለዚህ ጽሑፍ ደርሶልናል፦ ቢዬላ፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፋሻ… አሜሪካኖቹ ይህን ያህል ውብ ስም የላቸውም።) የኮብራው ቢዬላዎች ማንሊ ከሚባል የእሽቅድምድም ዕቃ አምራች የመጡ፣ ከተቀጠቀጠ ብረት የተሠሩ ናቸው፤ ፒስተኖቹም እንደዚሁ በቅጥቀጣ የተሠሩ። የላይትኒንጉ ቢዬላዎች ግን በብዛት ከሚመረቱት ከብረት ዱቄት ታምቀው ከሚሠሩት ናቸው፤ ፒስተኖቹም ፈሳሽ ብረት ሻጋታ ውስጥ ፈስሶ የወጡ።

ውጤቱን ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ የባለቤቶች ልምድ ይናገራል። ኮብራው ላይ አነስ ያለ ፑሊ ያደረገና ኮምፒውተሩን በሥርዓት ያስተካከለ ሰው ከፋብሪካው ቁጥር በጣም ርቆ ሄዶ ያው ሞተር ይዞ ይመለሳል። ላይትኒንጉ ላይ ያንኑ ያደረገ ሰው ለጥቂት ጊዜ ይደሰታል። ከዚያ አንድ ቀን አንዱ ቢዬላ ይጎብጣል ወይም ይበጠስና የሞኖብሎኩን ጎን በስቶ ይወጣል። የአሜሪካ ሜካኒኮች ይህን «መስኮት» ይሉታል። በመስኮቱ ዘይት ይፈሳል፣ የጋለ የጭስ ቱቦ ላይ ያርፋል፤ ባለቤቱ ዕድለኛ ከሆነ የሚቀጣጠለው ገንዘቡ ብቻ ነው።

ለምን ፑሊ? ምክንያቱም ርካሹ መንገድ እሱ ነው። ሱፐርቻርጀሩ ጫፍ ላይ ያለውን ፑሊ በትንሹ ስትለውጠው ወናፉ በዚያው የሞተር ፍጥነት የበለጠ ይዞራል፣ የበለጠ አየር ይገፋል። ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዋጋውም ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የሻይ ነው። ስሜቱ ወዲያው ይመጣል። ቢዬላ መቀየር ግን ሞተሩን አውርዶ፣ በትኖ፣ ለካክቶ መልሶ መግጠም ማለት ነው። ሳምንታት ይፈጃል፤ ሲጨርሱም መኪናው ከድሮው በአንድ ፈረስ እንኳ አይበልጥም። ይህን ያህል አውጥቶ ለጓደኛ የሚያሳዩት ነገር አለመኖሩ ለወጣት ሰው ከባድ ነገር ነው፤ አንፈርድም። ግን ገንዘቡን መጀመሪያ ፑሊው ላይ ያፈሰሰ ሰው ቢዬላውን መግዛቱ አይቀርም፤ ከነሞተሩ ይገዛዋል።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። ላይትኒንጉ ክፉ ሞተር አልነበረም። በተሠራበት 380 ፈረስ ብዙ ኪሎሜትር የሄደ ሞልቷል። መሐንዲሶቹ ለ380 የሚበቃ ቢዬላ ሰጡት፣ አለቀ፤ የጎረቤትህን ቅናት ታሳቢ አድርገው አልሠሩትም። «የብረት ዱቄት» የሚለውም ቃል ብቻውን ስድብ መሆን የለበትም። ዶጅ እ.ኤ.አ. በ2014 ያስተዋወቀውና በኋላ ራም ቲአርኤክስ ፒክአፕ ውስጥ የገባው 6.2 ሊትር ሄልካት ሞተርም ቢዬላዎቹ ከዱቄት የተሠሩ ናቸው። ልዩነቱ ያ ቢዬላ ገና ሲነደፍ ለ700 ፈረስ ተብሎ መነደፉ ነው። ክርክራችን ስለ ቁሱ አይደለም። ክርክራችን ዕቃው እንዲሸከም በተሠራለትና እኛ በምንጭንበት መካከል ስላለው ርቀት ነው።

የቲአርኤክሱን ወሬ ካነሳን፦ 702 የፈረስ ጉልበት፣ 2,900 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት፣ እስከ 2024 ሞዴል ድረስ ተሠራ። እኛን የማረከን ግን 702 አይደለም፣ 42 ነው። አምራቹ ሄልካትን ሲያስተዋውቅ እያንዳንዱ ሞተር ከፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት 42 ደቂቃ ዳይኖ ላይ ጫና ውስጥ እንደሚፈተን ተናግሮ ነበር። አያችሁ? አሥራ አምስት ሰከንድ አላሉም፣ 42 ደቂቃ ነው ያሉት! ሱፐርቻርጀሩ በሙሉ ፍጥነት ሲዞር ለራሱ ብቻ ወደ 80 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት ይበላል። ይህን ሁሉ የሚችሉት የብረት ሞኖብሎኩ፣ የተቀጠቀጡት ፒስተኖች፣ ከሥር እየተረጨ ፒስተኖቹን የሚያቀዘቅዘው ዘይትና ለአየሩ የተሠሩት ሁለት ማቀዝቀዣዎች ናቸው። ማስታወቂያው ላይ ግን የምናየው አሸዋ ላይ የሚዘል መኪና ነው።

ፒክአፕ ላይ ነገሩ ከትንሽ መኪና ይልቅ ለምን ይብሳል? በክብደቱ ነው። ቀላል መኪና በጥቂት ሰከንድ የሚፈልገው ፍጥነት ላይ ይደርስና ሹፌሩ እግሩን ያነሳል። ሁለት ሦስት ቶን፣ እንደ ግድግዳ የቆመ ግንባር፣ ከኋላ ተጎታች… እግር ቶሎ አይነሳም። ረጅም ዳገት ላይ ወናፉ ለደቂቃዎች ይነፋል። ሙቀት ይጠራቀማል።

ሙቀት ደግሞ ዋናው ጠላት ነው፤ እንዲያውም ከቢዬላው ስብራት ጀርባ ብዙ ጊዜ ያለው እሱ ነው። አየር ሲታመቅ ይግላል፤ ብስክሌት የነፋ ሁሉ የፓምፑን ጫፍ ነክቶ ያውቃል። 25 ዲግሪ ሆኖ የገባ አየር 8 ፒኤስአይ ድረስ በሩትስ ወናፍ ሲታመቅ ወደ 90 ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል። ይህ የጋለ አየር ከቤንዚን ጋር ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ እንደገና ይታመቃል። ካንዴላው በሰዓቱ እሳት ሰጥቶ ነበልባሉ በሥርዓት እንዲሄድ ሲጠበቅ፣ ጥግ ላይ የቀረው ድብልቅ ሙቀቱን መቋቋም ያቅተውና በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። መኪና ያንኳኳል የሚባለው ይሄ ነው። ወናፍ በሌለው ሞተር ማንኳኳት የሚያናድድ ድምፅ ነው፤ ወናፍ ባለው ግን መዶሻ ነው። ፒስተኑን ይሰነጥቃል፣ ኩሽኔታውን ይጨፈልቃል፣ የደከመውን ቢዬላ ይጨርሰዋል።

ስለዚህ «አስተማማኝ» የሚለው ቃል ግማሹ ብረት ከሆነ ግማሹ ቅዝቃዜና ነዳጅ ነው። የላይትኒንጉ አየር ማቀዝቀዣ በውኃ ነው የሚሠራው፤ ውኃውን የምታዞረው አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ናት። እሷ ብትሞት ሞተሩ አይቆምም፤ ሹፌሩም ላያውቅ ይችላል፤ አየሩ ብቻ እየጋለ ይሄዳል። ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ለዚህች ፓምፕ ነው የምናዝነው። ብዙ ሰው የግፊት ጌጅ ገዝቶ ዳሽቦርድ ላይ ይሰካል፣ ምክንያቱም ያምራል። የሚገባውን አየር ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ ግን ጥቂት ሰው ነው የሚገዛው። እኛ ብንጠየቅ ሁለተኛውን እናስቀድማለን።

ነዳጁም እንደዚሁ። ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል በክብደት 14.7 እጥፍ አየር ይፈልጋል። ወናፍ ሲነፋ ግን አዋቂ ሰው ድብልቁን ወደ 11.5 ወይም 12 ያወርደዋል። ትርፉ ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይሸከማል፣ ማንኳኳቱን ያርቃል። የነዳጅ ፓምፑ ወይም ኢንጀክተሩ ያንን ማድረስ ካልቻለ ችግሩ የሚመጣው ግፊቱ ጫፍ ሲደርስ ነው፤ ማለትም ስህተት በማይችልበት ሰከንድ። የእሳቱን ሰዓት ወደ ኋላ መመለስም አለ፤ ይህን የሚያደርግ የኮምፒውተር ባለሙያ ጥቂት ፈረስ ሲቀንስ ደንበኛው «ሰረቀኝ» ይለዋል። እኛ ደግሞ ጥቂት ፈረስ የሰረቀንን ባለሙያ ምሳ እንጋብዘዋለን።

ሌላው ማንም የማያወራለት ፋሻ ነው። ፒስተኑን የከበበው የፋሻ ቀለበት ጫፍና ጫፉ አይገጥሙም፤ በመካከላቸው ቀጭን ክፍተት አለ። ቀለበቱ ሲግል ይረዝማል፣ ክፍተቱ ይጠባል። ወናፍ ያለው ሞተር የበለጠ ስለሚግል ክፍተቱ ሰፋ ተደርጎ መሞረድ አለበት፤ ለዚህ ለ5.4 ሊትሩ የሚሊሜትር ግማሽ ገደማ። ይህች የወረቀት ውፍረት የምታህል ነገር ከተዘነጋች ጫፎቹ ይጋጫሉ፣ ቀለበቱ መሄጃ ያጣል፣ ፒስተኑ ጠርዙ ላይ ይሰበራል። ውድ የተቀጠቀጠ ፒስተን ገዝቶ ክፍተቱን ያልለካ ጋራዥ ማለት እንግዲህ ውድ ጫማ ገዝቶ ክሩን ያላሰረ ሯጭ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 5 ሺህ ዙር ሲዞር እያንዳንዱ ፒስተን በሰከንድ 166 ጊዜ ቆሞ አቅጣጫ ይቀይራል። ለስህተት የሚሆን ትርፍ ጊዜ የለም።

የካንዴላውንም ጉድ ሳንናገር ብናልፍ ያስቆጨናል። የእነዚያ ዓመታት የፎርድ ትራይተን ቴስታታዎች ካንዴላውን የያዙት በጥቂት ጥርሶች ብቻ ስለነበር አንዳንዱ ካንዴላ ተነቅሎ እንደ ጥይት ይፈናጠር ነበር። ወናፍ ከሌላቸው ወንድሞቹ ላይም ደርሷል። መፍትሔው በረዥም የጥርስ ማስገቢያ መጠገን ነው። ለቪዲዮ የማይሆን ሥራ!

«ታዲያ ሁሉም ሰው ሞተሩን ይበትን ነው የምትሉት?» አይደለም። ፒክአፑን ቅዳሜና እሁድ የሚያወጣና የፋብሪካውን ፑሊ ያልነካ ሰው ፓምፗን፣ ዘይቱንና ነዳጁን ይጠብቅ እንጂ ምንም አይፈታ። ሞተር መፍታት በራሱ አደጋ አለው፤ ጥሩ የፋብሪካ ሞተር ከመጥፎ «የተሠራ» ሞተር ይሻላል። ይህ «የተሠራ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስበናል። ሻጭ ሁሉ ይለዋል። ምን ተሠራ? ማን ሠራው? የተለካበት ወረቀት የት አለ? የዳይኖውን ግራፍ ፍሬም አስገብቶ የሚሰቅል ጋራዥ የፋሻውን ክፍተትና የኩሽኔታውን ልክ የጻፈበትን ወረቀት ለደንበኛው ለመስጠት ለምን ይሰስታል? ጠያቂ ስለሌለ ነው። እኛ ተመልካቾቹ ያጨበጨብነው ለግራፉ ነው፤ ጋራዡም የሚያመርተው የተጨበጨበለትን ነው።

በተቃራኒው የሚከራከሩን ሰዎች የሚሉት አንድ ከባድ ነገር አለ፦ «የእሽቅድምድም ሰዎች ሞተር እያፈነዱ ነው ገደቡን ያወቁት፤ የላይትኒንጉ ቢዬላ ደካማ መሆኑንም ያወቃችሁት የፈነዳባቸው ስላሉ ነው።» እውነት ነው፤ ባለውለታዎቻችን ናቸው። ነገር ግን የእሽቅድምድም ሰው የሚያፈነዳው ሊያውቅ ብሎ፣ በተከለለ ሜዳ፣ የራስ ቁር አድርጎ ነው። ያጠራቀመውን ሁሉ ያፈሰሰ የ23 ዓመት ልጅ አውራ ጎዳና ላይ፣ አጠገቡ የቤተሰብ መኪና እየሄደ፣ የኋላ ጎማው ሥር የራሱ ዘይት ሲፈስ የሚያገኘው አዲስ ዕውቀት የለም። ያ ዕውቀት ከሃያ ዓመት በፊት ተከፍሎበታል።

እንግዲህ ያገለገለ ላይትኒንግ ፊቱ የቀረበለት አሜሪካ ያለ አንባቢ ካለን፣ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ የሱፐርቻርጀሩን ፑሊ ይለካ። ከፋብሪካው ያነሰ ከሆነ «ቢዬላውስ ተቀይሯል?» ይበል። ከተቀየረ የሠራውን ጋራዥ ስምና የልኩን ወረቀት ይጠይቅ። ሻጩ ወረቀቱን ትቶ ስልኩን አውጥቶ የዳይኖ ቪዲዮ ሊያሳየው ከጀመረ፣ ይይለት፣ ያድንቅለት፣ ከዚያም ከተጠራው ዋጋ ላይ የአንድ ሙሉ ሞተር ዋጋ ይቀንስ።